50ሚሜ ኤፍ 1.8፦ ዓይን ላይ ፎከስ አድርጌ ጆሮ የሚጠራው ለምንድን ነው?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ካሜራዬ ዲኤስኤልአር (ባለመስታወት) ነው፤ ክሮፕ ሴንሰር (ከሙሉ ፍሬም 1.5 ጊዜ ያነሰ)፣ 24 ሜጋፒክስል፣ የሹተሩ የመጨረሻ ፍጥነት 1/4000። ከካሜራው ጋር በመጣው 18-55 ዙም (ኤፍ 3.5-5.6፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ መክፈቻ ይሰፋል) ላይ አሁን 50ሚሜ ኤፍ 1.8 ጨምሬያለሁ። የጠየቅኳቸው ሁሉ «ይህን ከያዝሽ ዙሙን አትነኪውም» ይሉኛል፤ እስካሁን ግን ጥርት ያለ ፎቶ የሚሰጠኝ ዙሙ ነው።

ኤፍ 1.8 ላይ ሰው ሳነሳ አንዳንዱ ዓይን ላይ ይጠራል፤ አብዛኛው ግን ጆሮ ወይም ፀጉር ላይ ይሄዳል። የማነሳው ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል ርቄ ነው። የመሃለኛውን ነጥብ ዓይን ላይ አድርጌ እቆልፋለሁ፣ ከዚያ ካሜራውን አዙሬ ፍሬሙን አስተካክላለሁ። ፀሐይ ላይ ኤፍ 1.8 ካደረግኩ ፎቶው ይነጣብኛል። በጆሮ ጌጥና በነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ዙሪያ ሐምራዊ ጠርዝ አያለሁ። ሁለት ሦስት ሰው ሲሆን ደግሞ አንዱ ሁሌም ይደበዝዛል።

ሌንሱ ነው ወይስ አያያዜ? ኤፍ 1.8ን መጠቀም ካልቻልኩስ ይህ ሌንስ ምን ያደርግልኛል?

ባለሦስት እግር፦

ሌንሱን ከመጠርጠርሽ በፊት ቁጥሩን እንየው። በአንቺ ካሜራ፣ 50ሚሜ፣ ኤፍ 1.8፣ 1 ሜትር ተኩል ላይ፣ ከፊት እስከ ኋላ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። 1 ሜትር ላይ ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ይወርዳል። ከዓይን እስከ ጆሮ ያለው ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ ዓይን ጠርቶ ጆሮ ቢደበዝዝ የሚጠበቅ ነው። ጆሮ ጠርቶ ዓይን ከደበዘዘ ግን ፎከሱ ስቷል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። እንዲህ ያሉት የሰንጠረዥ ቁጥሮች የተሰሉት ፎቶው በመካከለኛ መጠን ታትሞ በክንድ ርቀት ሲታይ ነው። ኮምፒውተር ላይ 100% ስታሰፊው ግን የምትመዝኚው በአንድ ፒክስል ነው፤ የአንቺ ሴንሰር ፒክስል ስፋቱ 0.004 ሚሜ አካባቢ ስለሆነ መመዘኛው አምስት እጥፍ ይጠብቃል። ያ 6 ሴንቲ ሜትር ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም ማለት ነው። 100% ላይ ሽፋሽፍት ጠርቶ ብሌኑ ለስለስ ቢል አትደንግጪ። ሰው ፎቶሽን እንደዚያ አስፍቶ አያየውም።

ዙሙ የተሻለ የመሰለሽም በዚሁ ምክንያት ነው። 50 አካባቢ ስትደርሺ ዙሙ ከኤፍ 5.6 ብዙም አይሰፋም፤ በኤፍ 5.6፣ በ1 ሜትር ተኩል፣ የሚጠራው ውፍረት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ፊት ሙሉ ውስጡ ይገባል፤ ፎከሱ 4 ሴንቲ ሜትር ቢስትም አታውቂውም። ልታወዳድሪያቸው ከፈለግሽ 50ሚሜውንም ኤፍ 5.6 አድርጊውና ጎን ለጎን እያቸው። መልሱን ከአሁኑ መገመት ይቻላል።

«ምን ያደርግልኛል» ላልሽው፦ ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 1.8 ስትሄጂ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ታገኛለሽ። ዙሙ አይኤስኦ (የሴንሰሩ የብርሃን ትብነት) 6400 የሚጠይቅበት ክፍል ውስጥ ይህኛው በተመሳሳይ የሹተር ፍጥነት በ640 ይሠራል። ለአንድ ሰው ፖርትሬት ግን መነሻሽን ኤፍ 2.8 አድርጊው። እዚያ ላይ በ1 ሜትር ተኩል ወደ 10 ሴንቲ ሜትር፣ በኤፍ 4 ደግሞ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይኖርሻል። ኤፍ 1.8ን ብርሃን ሲያጥርሽ ወይም ያንን ስስ ጥራት ሆን ብለሽ ስትፈልጊ ብቻ ክፈቺው።

ፎከሱን በተመለከተ ቆልፎ ማዞሩን ተዪው። ከፎከስ ነጥቦቹ ለዓይን የሚቀርበውን ምረጪ፣ ለካሜራው ቅርብ የሆነው ዓይን ላይ አኑሪው፣ ፎከሱን ተከታታይ አድርጊው፣ ሦስት አራት ፍሬም በተከታታይ ልቀቂ። የቆመ ሰው ሳያስበው ይወዛወዛል፣ አንቺም ትወዛወዣለሽ፤ በነጠላ ፎከስ ከቆለፍሽ በኋላ በሚያልፈው ግማሽ ሴኮንድ 2 ሴንቲ ሜትር መንቀሳቀስ በቀላሉ የሚሆን ነው። ሌላው፣ በአብዛኛው ዲኤስኤልአር ቪውፋይንደር (በዓይን የሚታይበት መስኮት) ውስጥ የምታዪው የኤፍ 1.8ን ስስነት አይደለም። የመስታወቱ ስክሪን የሚያሳይሽ ወደ ኤፍ 2.8 የሚጠጋ ነው። በዓይንሽ ጠራ ያልሽው ፋይሉ ላይ ላይጠራ የሚችለው አንድም ለዚህ ነው።

አሮጌ ሌንስ፦

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ቆልፎ ማዞር ላይ ግን ፍርዱ የበዛ ይመስለኛል። እስቲ እናስላው። ርቀቱ 1 ሜትር ተኩል፣ ዓይኑ ከፍሬሙ መሃል 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ይሁን። እስከ ዓይን ድረስ ያለው ሰያፍ ርቀት 151.3 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ካሜራውን ስትመልሺ የፎከሱ ገጽ ከዓይኑ 1.3 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይወድቃል። ለ100% ተመልካች ይህ ይታወቃል። ጆሮ ላይ ለመድረስ ግን አይበቃም። «አብዛኛው ወደ ኋላ ይሄዳል» ማለትሽ ነው የያዘኝ። መወዛወዝ ቢሆን አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ይስት ነበር። ሁሌ ወደ አንድ ወገን ከሆነ ካሜራውና ሌንሱ አልተናበቡም ማለት ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ፈትኚው። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጊ፤ ሌንሱ የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ ካለው አጥፊው። የትኩረት ርዝመቱን 50 እጥፍ ያህል፣ ማለትም 2 ሜትር ተኩል ራቂ። ደማቅ ጥቁርና ነጭ ጽሑፍ ያለበት ጠፍጣፋ ነገር ከካሜራው ፊት ቀጥ አድርገሽ አቁሚ፤ ከጎኑ ማስመሪያ ወደ ኋላ አጋድመሽ አስደግፊ፣ መካከሉ ከጽሑፉ ጋር እኩል ይሁን። ብዙዎች ፎከሱን ራሱን በተጋደመው ማስመሪያ ላይ ያደርጉና ውጤቱ ያሳስታቸዋል፤ የፎከስ ነጥቡ ከተሳለው ሳጥን ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚያነብ ከፊት ያለውንም ከኋላ ያለውንም መስመር ሊይዝ ይችላል። ፎከስ የሚደረገው ጠፍጣፋው ላይ ነው፤ ማስመሪያው ለማንበብ ብቻ ነው።

ኤፍ 1.8፣ የ2 ሴኮንድ ታይመር። መጀመሪያ በላይቭ ቪው፣ ስክሪኑ ላይ አስፍተሽ ፎከስ አድርጊና አንሺ፤ ይህ መመዘኛሽ ነው። ከዚያ በቪውፋይንደር ቢያንስ 10 አንሺ። ከእያንዳንዱ በፊት የፎከሱን ቀለበት ከቦታው አዙሪው፤ ግማሹን ወደ ቅርብ፣ ግማሹን ወደ ሩቅ። ይህን በቀን ብርሃን አድርጊው፤ የአምፖል ቀለም ራሱ የዲኤስኤልአርን ኦቶ ፎከስ ትንሽ ሊያንሸራትት ይችላል። ውጤቱ ወዲህም ወዲያም ከተበተነ ችግሩ የአጠቃቀም ወይም የብርሃን ማነስ ነው። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከሄደ ወደ ማስተካከያ እንሄዳለን።

ስለ ሐምራዊው ጠርዝ ደግሞ ለምርመራው የሚጠቅም ፍንጭ ሰጥተሽናል። ሰፊ አፐርቸር (የብርሃን መክፈቻ) ያላቸው ሌንሶች ቀለሞችን በአንድ ርቀት ላይ አያሳርፉም። ብዙውን ጊዜ ከፎከሱ ፊት ያለው ጠርዝ ወደ ሐምራዊ፣ ከፎከሱ ኋላ ያለው ወደ አረንጓዴ ያደላል። ዓይን ላይ ፎከስ ተደርጎ ቢሆን የጆሮ ጌጡ ከኋላ ስለሚሆን አረንጓዴ ባየሽ ነበር። ጌጡ ሐምራዊ ከሆነ ፎከሱ ከጆሮም አልፏል ማለት ነው። በእርግጥ ጀርባው ሰማይ ወይም መስኮት ሆኖ ከነጣ ፎከስ ላይ ባለ ጠርዝም ሐምራዊ ይመጣል፤ ስለዚህ ይህን ምልክት በደብዛዛ ብርሃን የተነሱት ላይ እዪው።

ለማስወገድ፦ ኤፍ 2.8 ላይ በጣም ይቀንሳል፣ ኤፍ 4 ላይ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። በማረሚያ ሶፍትዌር ውስጥ በፍሬሙ ዳር የሚታየውን የቀለም መንሸራተት የሚያጠፋው ምልክት ማድረጊያ ለዚህኛው አይሠራም፤ ሐምራዊና አረንጓዴ ጠርዝን ለየብቻ የሚቀንሰውን ማንሸራተቻ ተጠቀሚ። በጥቂቱ ብቻ፤ ከበዛ የከንፈርንና የልብስን ቀለምም ይበላል።

ሰያፍ ብርሃን፦

የፀሐዩን እኔ ልውሰደው። ጥርት ያለ የቀትር ፀሐይ በአይኤስኦ 100፣ በኤፍ 16፣ 1/100 ይፈልጋል። ከኤፍ 16 እስከ ኤፍ 1.8 ስድስት ስቶፕና ሲሶ ነው (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ማለት ነው)፤ ሹተሩ ወደ 1/8000 ይጠጋል። ያንቺ 1/4000 ላይ ስለሚቆም ፎቶው አንድ ስቶፕ ይነጣል። ኤፍ 2.5 ብታደርጊ ልክ 1/4000 ላይ ያርፋል። የካሜራሽ ዝቅተኛ አይኤስኦ 200 ከሆነ ግን ሌላ አንድ ስቶፕ ጨምሪበት። አንዳንድ ካሜራ ከመደበኛው በታች የወረደ አይኤስኦ ያቀርባል፤ በእሱ አትታለዪ፤ የነጣውን አያድንም፣ ብርሃኑን ካነበበ በኋላ ነው የሚያጨልመው።

ወደ ጥላ መግባት ከሁሉ ቀላሉ መፍትሔ ነው፤ ፊት ላይም የተሻለ ብርሃን ይሰጣል። ፀሐይ ላይ መቆም ግድ ከሆነና ኤፍ 1.8 ካስፈለገሽ ኤንዲ 8 ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ፣ ሦስት ስቶፕ) 1/8000ን ወደ 1/1000 ያወርደዋል። ፍላሽ ስትጨምሪ ሒሳቡ ይለወጣል። አብዛኛው ካሜራ ከፍላሽ ጋር የሚሠራው እስከ 1/200 ወይም 1/250 ብቻ ስለሆነ በኤንዲ 8 እንኳ ኤፍ 4 አካባቢ መዝጋት ይኖርብሻል። ፍላሽን በከፍተኛ ፍጥነት የሚያሠራው ስልት ከዚያ በላይ ያስኬዳል፤ የፍላሹን ጉልበት ግን በጣም ይቀንሰዋል።

ሚረርለስ (መስታወት የሌለው ካሜራ) ለሚጠቀሙ አንባቢዎች አንድ ነገር ላክል። ሹተሩ በኤሌክትሮኒክ መጀመሪያና በሜካኒካል መጨረሻ የሚሠራበት ቅንብር አለ። በሰፊ አፐርቸርና ከ1/1000 በላይ በሆነ ፍጥነት ከኋላ ያሉት የብርሃን ክቦች ከላይ ወይም ከታች የተቆረጡ ሊመስሉ ይችላሉ። ሌንሱ ምንም አልሆነም፤ ሙሉ ሜካኒካል ሹተር ምረጡ።

ወደ ቤት ውስጥ ስትገቢ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። አፐርቸሩን አንቺ እየመረጥሽ ሹተሩን ለካሜራው ስትተዪለት፣ ኤፍ 1.8 ላይም ቢሆን 1/60 ሊሰጥሽ ይችላል። በክሮፕ ሴንሰር ለእጅሽ ብቻ እንኳ 1/80 ያስፈልግሻል። ለሚያወራ ሰው 1/200፣ ለሚሮጥ ልጅ 1/500 አካባቢ አድርጊው። አውቶ አይኤስኦ ውስጥ ዝቅተኛውን የሹተር ፍጥነት 1/200 ብለሽ አስገቢው፣ አይኤስኦው የፈለገውን ያህል ይውጣ። ኖይዝ ይቀነሳል፤ የተንቀሳቀሰ ፊት አይመለስም። ሁለቱን ብዥታዎች ለመለየት ፎቶውን ሙሉ ፈልጊ። የሆነ ቦታ፣ ኮሌታም ሆነ ወንበር፣ ጥርት ብሎ ካገኘሽ ፎከስ ስቷል። የትም ካልጠራና መስመሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተቱ ሹተሩ ነው።

ጀርባው ይራቅ፦

እስካሁን ያልተነሳ ነገር አለ፤ ለእኔ የዚህ ሌንስ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ሰው ኤፍ 1.8ን የሙጥኝ የሚለው ጀርባውን ለማደብዘዝ ነው። ጀርባን የሚያደበዝዘው ግን አፐርቸር ብቻ አይደለም።

የመክፈቻው ስፋት 50 ሲካፈል ለ1.8 ነው፤ 28 ሚሜ ገደማ። ሰውየው ካለበት ቦታ ላይ ሲለካ፣ ከኋላ ያለች አንዲት የብርሃን ነጥብ የምትሰፋው በዚህ ቁጥር ልክ ነው፤ ግን ጀርባው በጣም ሩቅ ከሆነ ብቻ። ጀርባው ቅርብ ከሆነ ከሰውዬው እስከ ጀርባው ያለውን ርቀት ከካሜራው እስከ ጀርባው ላለው ጠቅላላ ርቀት አካፍለሽ ታባዢበታለሽ። ሰውዬው ከአንቺ 1 ሜትር ተኩል፣ ግድግዳው ከጀርባው ግማሽ ሜትር ቢሆን፣ 28 በሩብ፦ 7 ሚሜ። ሰውዬውን ከግድግዳው 4 ሜትር ተኩል አርቀሽ ኤፍ 2.8 ብታደርጊ መክፈቻው 18 ሚሜ ይሆናል፣ በሦስት አራተኛ ሲባዛ 13 ሚሜ ይወጣል።

ይህን ቆም ብለሽ እዪው። ኤፍ 2.8 ከሩቅ ጀርባ ጋር ኤፍ 1.8 ከቅርብ ግድግዳ ጋር ከሚሰጠው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ብዥታ ይሰጣል፤ ፊቱ ላይ ደግሞ በ6 ፈንታ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ጥራት ታገኛለሽ። ከግድግዳ ጋር ተለጥፎ የቆመን ሰው በኤፍ 1.8 ማንሳት ጥቅሙን ሳታገኚ ጉዳቱን ብቻ መቀበል ነው። ስለዚህ አፐርቸሩን ከመንካትሽ በፊት ሰውየውን ከጀርባው አርቂው፤ ካልተቻለ አንቺ ዞረሽ ጥልቀት ያለው አቅጣጫ ፈልጊ። በር፣ ኮሪደር፣ መንገድ፣ የዛፎች ረድፍ፣ ማንኛውም ወደ ኋላ የሚሄድ ነገር ይሆናል።

ጥቃቅን ቅጠሎችና ሽቦዎች ግን ከሰውዬው 1 ሜትር ወይም 2 ሜትር ኋላ ሲሆኑ ይህ ዓይነት ሌንስ ጥሩ አያደርጋቸውም። ጠርዛቸው ድርብ ድርብ ሆኖ ዓይን ይረብሻል። ወይ በጣም ይራቁ ወይ ከፍሬሙ ይውጡ።

ለብዙ ሰው፦ አንቺ 3 ሜትር ስትርቂ ኤፍ 1.8 የሚሰጥሽ 25 ሴንቲ ሜትር ነው። ሦስቱ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ፊታቸው በአንድ መስመር ከተሰለፈ ይበቃል፤ አንዱ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ካለ አይበቃም። ኤፍ 2.8 ወደ 40፣ ኤፍ 4 ወደ 57 ሴንቲ ሜትር ያደርሰዋል። ለሁለት ረድፍ ኤፍ 4 ጀምሪ፣ ፎከሱን በሁለቱ ረድፎች መካከል የሚያሳርፍ ሰው ምረጪ። «ሲሶው ከፊት፣ ሁለት ሲሶው ከኋላ» የሚባለውን ሕግ እዚህ አትጠቀሚው፤ በዚህ ርቀት ላይ ከፊት 26፣ ከኋላ 31 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ግማሽ በግማሽ ብለሽ አስቢው። ካሜራውንም ከረድፉ ፊት ቀጥ አድርጊው፤ ከጎን ሰያፍ ሆነሽ ካነሳሽ ተርታ የቆሙትን ራስሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በታተንሻቸው ማለት ነው።

ጀማሪዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አሮጌ ሌንስ ያለኝን ፈተና በቀን ብርሃን ሠራሁት። በላይቭ ቪው ያነሳኋቸው ሁሉ ጽሑፉ ላይ ጠርተዋል። በቪውፋይንደር ያነሳኋቸው ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ማስመሪያው ላይ ከጽሑፉ ኋላ ነው የሚጠሩት፤ ከቅርብም ከሩቅም ብጀምር ለውጥ የለውም። የጆሮ ጌጡ ያለበትን ፎቶ መልሼ አየሁት፣ ጌጡ ሐምራዊ፣ ከኋላ ያለው ፀጉር ጥርት ያለ ነው። የፎከስ ማስተካከያ የሚባለውን ሜኑ ውስጥ ፈለግኩት፤ የእኔ ካሜራ የለውም። ምን ላድርግ? ሰው ሲያወራ ደግሞ «ፎከስ ከቆለፍሽ በኋላ ትንሽ ወደ ኋላ ሸርተት በዪ» የሚል ምክር ሰምቻለሁ፤ ይሠራል?

ባለሦስት እግር፦

እንግዲህ ምክንያቱ ተገኘ፤ አሮጌ ሌንስ ልክ ነበር። ዲኤስኤልአር ውስጥ ለፎከስ የሚለካው ብርሃንና ፎቶውን የሚሠራው ብርሃን መንገዳቸው የተለያየ ነው። በቪውፋይንደር ስታዪ ከዋናው መስታወት ጀርባ ያለች ትንሽ መስታወት ብርሃኑን ወደ ታች፣ ወደ ፎከስ መለኪያው ትልከዋለች። በላይቭ ቪው ግን መስታወቱ ተነስቶ ሴንሰሩ ራሱ ያነባል። ሁለቱ መንገዶች በጥቂት የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ካልተመጣጠኑ በሰፊ አፐርቸር ላይ የምታዪው ይህን ነው። በዚህ በኩል ሚረርለሶች ዕድለኞች ናቸው፤ የሚያነቡት ከሴንሰሩ ላይ ነው።

ሸርተት ማለቱን ተዪው። የሚስትበት መጠን በርቀት ይለያያል፤ በ2 ሜትር ተኩል የለካሽው ለ1 ሜትር አይሠራም፤ ሰውነትሽንም በሴንቲ ሜትር ልክ ማንቀሳቀስ አትችዪም።

ማስተካከያ የሌለው ካሜራ ላይ ትክክለኛው መንገድ ካሜራውንና ሌንሱን አንድ ላይ ለአምራቹ የጥገና ክፍል መስጠት ነው። ሌንሱን ብቻ አትስጪ። የሁለቱንም ፈተና ፎቶዎች ሳታርሚያቸው አብረሽ ስጪ። ከዚያ በፊት ከተቻለ ሌላ ሰፊ አፐርቸር ያለው ሌንስ ተውሰሽ በአንቺ ካሜራ ላይ ያንኑ ፈተና ሥሪ። እሱም ወደ ኋላ ከሄደ ጥፋቱ ካሜራው ላይ ነው፤ ካልሄደ ሌንሱ ላይ። በዙምሽ ልትፈትኚ አትሞክሪ፤ ኤፍ 5.6 ስህተቱን ይሸፍነዋል።

እስከዚያው ዝም ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ላይቭ ቪው ተጠቀሚ፤ ዘገምተኛ ነው፣ ግን አይስትም። ለሚንቀሳቀስ ሰው በቪውፋይንደር ኤፍ 4 ሁኚ፣ ትንሽም ራቅ በዪ። ካሜራውን በቁመት አቁመሽ ስትይዥው 1 ሜትር ተኩል ላይ ፍሬሙ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይይዛል፣ ማለት ከደረት በላይ። 3 ሜትር ላይ 1 ሜትር ከ40 ይደርሳል፤ ለግማሽ አካል ፖርትሬት ይበቃል፣ የፎከስ ይቅርታውም ሰፋ ይላል።

አሮጌ ሌንስ፦

ማስተካከያ ያለው ካሜራ ለያዛችሁም አንድ ቃል። ቁጥሩን ስታስገቡ ፈተናውን በምታዘወትሩት ርቀት ላይ ድገሙት፣ በኤፍ 1.8 ብቻ ሳይሆን በኤፍ 2.8ም እዩት። አንዳንድ ሰፊ ሌንሶች አፐርቸሩ ሲጠብ የፎከሱ ገጽ ራሱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ዛይስ ሲ ሶናር 50ሚሜ ኤፍ 1.5 በዚህ የታወቀ ነው። ካሜራው ፎከስ የሚያደርገው አፐርቸሩ ሙሉ ተከፍቶ ስለሆነ፣ ስታነሱ ሲዘጋ የሚመጣውን መንሸራተት አያየውም። እንደዚህ ዓይነት ሌንስ ከሆነ ለምታዘወትሩት አፐርቸር አስተካክሉት፣ በሌላው ላይ ትንሽ ስህተት ይቀራል።

ጀማሪዋ፣ ካሜራሽ ሲመለስ ለመልመድ የሚጠቅምሽ ይህ ነው። አምስት ትናንሽ ዕቃዎች በሰያፍ፣ በመካከላቸው 10 ሴንቲ ሜትር እየተውሽ ደርድሪ። ፎከሱን ሦስተኛው ላይ አድርገሽ በኤፍ 1.8፣ 2.8፣ 4 እና 5.6 አንሺ፤ ይህን ከ1፣ ከ2 እና ከ3 ሜትር ድገሚው። ውጤቱን ስልክሽ ላይ አስቀምጪው። ከዚያ በኋላ ሰንጠረዥ አያስፈልግሽም፤ ሰዎቹ እንዴት እንደቆሙ አይተሽ አፐርቸሩን ትመርጫለሽ።

ጀማሪዋ፦

የመጨረሻ ጥያቄ። ማታ መንገድ ላይ የብርሃን ክቦቹ መሃል ላይ ክብ ናቸው፤ ዳር ላይ ግን እንደ ሎሚ ይሾላሉ። ከደማቅ መብራቶቹ ተቃራኒ ደግሞ አረንጓዴ ነጥቦች ይታያሉ። ሌንሱ ላይ የመከላከያ ፊልተር አለ።

ሰያፍ ብርሃን፦

የሾለው ክብ ከሌንሱ አካል ነው፤ ከዳር የሚመጣውን ብርሃን የሌንሱ በርሜል በከፊል ይጋርደዋል። ዳሩ የሚጨልመውም በዚሁ የተነሳ ነው። ኤፍ 2.8 ላይ ክቡ ይስተካከላል፤ ያኔ ግን የአፐርቸሩ ምላጮች ቅርጽ ይጀምራል። የድሮው ካኖን 50ሚሜ ኤፍ 1.8 ሁለተኛው ሞዴል አምስት ምላጭ ስለነበረው አምስት ማዕዘን ይሠራል፤ ከ2015 ወዲህ ያለው ኤስቲኤም ሰባት የተጠማዘዙ ምላጮች ስላሉት ለክብ ይቀርባል። ማታ ክብ ከፈለግሽ በኤፍ 1.8 እና በኤፍ 2.2 መካከል ሁኚ፣ ደማቅ መብራቶቹን ወደ ፍሬሙ መሃል አቅርቢ።

አረንጓዴዎቹ ነጥቦች የመብራቶቹ ነጸብራቅ ናቸው። ከመሃሉ በተቃራኒ በኩል ተገልብጠው ከተቀመጡ ሴንሰሩ የመለሰውን ብርሃን ጠፍጣፋው ፊልተር መልሶ እያስገባው ነው። ማታ ፊልተሩን አውልቂው፣ ለመከላከያ ሁዱን (የሌንሱን ጥላ) አድርጊበት። ፊልተሩ ወልቆም ጥቂት ከቀሩ የሌንሱ የራሱ ናቸው፤ ካሜራውን ትንሽ ወደ ጎን ስታዞሪው ቦታ ይለውጣሉ፣ ፊት ላይ ከማረፍ ታድኚዋለሽ።